ወደ ግራ ብቻ የሚታጠፍ መንገድ

ማርች 12 ቀን 1995
ደቡብ ቴክሳስ፣ ከሪዮ ግራንዴ ሸለቆ

ለውድ የአክስቴ ልጅ ለዖርፋ፣

ጤናሽን ከጉልበትሽ ጀምሬ ልጠይቅ፤ ከሌላው ሁሉ እሱ ያሳስበኛል። እናንተ አዮዋ በረዶው ደጃፍ ዘግቶባችሁ መክረሙን በሬዲዮ ሰምተናል። እኛ እዚህ ጠረፍ ላይ በሸሚዝ ነው የምንውለው። ዊልማ የእናንተን ብርድ በሰማች ቁጥር "ምስኪን ዖርፋ" ትልና ሌላ ብርቱካን ትልጣለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስት በርታም ደህና ናት። አክስት በርታ ያልናት ቤት ያዘለችውን መኪናችንን መሆኑን እንዳትረሺ፤ ሰፊ ናት፣ ብዙ ትበላለች፣ በደረሰችበት ሁሉ ማረፍ ትወዳለች። የእውነተኛዋ አክስታችን ነፍስ ይቅር ትበለኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሸለቆው መሞቅ ጀምሯል፤ ብርዱን ሸሽተን እዚህ የከረምን ሽማግሌዎች ሁሉ ጓዛችንን እየሸከፍን ነው። ሜይ 20 ቀን ደቡብ ዳኮታ መድረስ አለብን። እንደምታውቂው በየበጋው እዚያ ካምፕ ውስጥ እኔ ቧንቧ እጠግናለሁ፣ እንጨት እፈልጣለሁ፤ ዊልማ እንግዳ ትመዘግባለች፤ በዚህ ምትክ ማረፊያ ቦታ ከነመብራቱ ከነውኃው ይሰጠናል። ከቀረን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ቤታችንን ከሸጥን ስድስት ዓመት ሆነን፤ ከበርታ ሌላ ቤት የለንም፤ በርታ ደግሞ ካልሄደች ቤት አትሆንም።

መንገዱን እንደ ወትሮው አንቺ አውጪልን። ሳን አንቶኒዮ አልገባም፤ ኦስቲን አልገባም፤ ዳላስንማ ስሙንም አታንሺብኝ። ባለፈው ዓመት እዚያ ስድስት መስመር መንገድ መሃል ላይ፣ ከየት እንደመጣ ያላየሁት የጭነት መኪና በቀኜ ጡሩምባውን ሲያንባርቅብኝ ልቤ ወልቆ ነበር። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከእንግዲህ ከማንም ጋር አልሽቀዳደምም።

ዊልማ ዘንድሮ አዲስ ጠባይ አውጥታለች። በየመታጠፊያው "ቀኝ ነጻ ነው፣ ቀኝ ነጻ አይደለም" ትለኛለች፣ ሳልጠይቃት። አርባ አራት ዓመት ጋቢና ተቀምጣ ሹራብ ስትሠራ የኖረች ሴት ዛሬ ምን እንደነካት እንጃ። ዝም በይ አልኳት። ዝም አለች።

ካርዶችሽን እጠብቃለሁ። ሰላም ሁኚልኝ።

ያንቺው ኤልደን


ማርች 20 ቀን 1995
ሳትለር ክሪክ፣ አዮዋ

ውድ ኤልደን፣

እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፤ ጎማችሁንም ይጠብቅላችሁ። ምስኪን ዖርፋ ደህና ናት በላት። ጉልበቴ ይጮሃል፤ ግን ይሄዳል።

ካርዶቹ ከዚህ ጋር አሉ፤ ያው የወጥ አሠራር የምጽፍባቸው ካርዶች ናቸው፣ ጀርባቸው ላይ እንጉዳይ ተስሏል። ደንባችን አልተለወጠም። እነዚህ አምስቱ እስከ ጃንክሽን ከተማ ያደርሷችኋል። የሚቀጥሉትን ጃንክሽን ፖስታ ቤት በስምህ ያስቀምጡልሃል፤ ደርሰህ ትወስዳለህ። በሠላሳ ቀን ካልወሰድክ ወደ እኔ ይመልሱታል፤ ያኔ መጥፋትህን አውቃለሁ። እስካሁን አንድም አልተመለሰብኝም፤ በዚህ እኮራብሃለሁ።

መንገዱ ሰማንያ ሦስት ቁጥር ነው። ላሬዶን ለመሸሽ በከብት እርባታዎቹ መሃል የሚወጣ መንገድ አግኝቼ ከላይ አገናኝቼልሃለሁ። ከዚያ በኋላ ሰማንያ ሦስት ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ትልቅ ከተማ አይነካም። አቢሊን ላይ ብቻ ትንሽ ይበዛል። እሑድ ጠዋት በአራት ሰዓት እለፉ፤ ሕዝቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፓስተሩ ስብከት የሚያስረዝሙ ከሆነ እስከ ስድስት ሰዓት ጊዜ አለህ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ መንገድ ስመድብ ያወቅሁት ነገር ቢኖር፣ መንገድ የሚጠበውና የሚሰፋው በአስፋልቱ ሳይሆን በሰዓቱ መሆኑን ነው።

ዊልማን ዝም ማሰኘትህን ግን አልወደድኩትም። ሌላ ባይጠቅምህ ንግግሯ ያነቃሃል።

ዖርፋ


ኤፕሪል 9 ቀን 1995
ጃንክሽን፣ ቴክሳስ

ለዖርፋ፣ እግር ሳታነሳ አገር ለምታዞረን፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ በሰላም ደረስን። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ደብዳቤሽን ስታቀብለኝ "የወጥ ነው?" አለችኝ፤ እንጉዳዩ በፖስታው ውስጥ ይታይ ነበር። የመንገድ ነው ብላት አላመነችኝም።

ከብት እርባታዎቹ መሃል የሰጠሽን መንገድ ውብ ነው። ዊልማ አጋዘን ቆጠረች፤ አርባ ሦስት ደረሰች። አንድ ነገር ብቻ፦ አንዱ ገበሬ የፖስታ ሳጥኑን አስፋልቱ ላይ ተክሎት ኖሮ መትቼ ጣልኩበት። ወርጄ በሩን አንኳኩቼ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ መዶሻዬን አውጥቼ መልሼ ተከልኩለት፤ እሱም ቲማቲም ሰጠን። ስለዚህ ጥፋት ነው ልል አልችልም።

ለሚቀጥለው ካርድ ሁለት ነገር ልለምንሽ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ አታስነጂን፤ ፀሐይዋ ታስቸግረኛለች። ደግሞ ከተቻለ ሁለት መስመር ብቻ ባለው መንገድ ይሁን። ባለ አራት መስመሩ ባዶም ቢሆን ደስ አይለኝም፤ ሰው ከየትም ይመጣብሻል። ስለ ከተማ ብቻ አልነበረም የማማርረው፤ አሁን ነው የገባኝ።

ዊልማ ሰላም ብላሻለች። አንድ ቀን እንኳ ተነስተሽ አብረሽን ብትመጪ ምን ነበር? ግን እናትሽ ከመጽሐፈ ሩት ስም ስትመርጥልሽ፣ አማቷን ተከትላ የሄደችውን ትታ ወደ ቤቷ የተመለሰችውን መረጠችልሽ። ስለዚህ አልፈርድብሽም።

ኤልደን


ኤፕሪል 15 ቀን 1995
ሳትለር ክሪክ

ውድ ኤልደን፣

የፋሲካው ሰላም አይለያችሁ። ወደ ቤቷ የተመለሰችው ዖርፋ መንገዱን ታውቅ ነበር ማለት ነው፤ ይህንን አስብበት።

የጠየቅከውን አድርጌያለሁ፤ ጃንክሽን የወሰድካቸውን ትተህ እነዚህን ያዝ። ካርዶቹ በቀን ከመቶ ሃያ ማይል አይበልጡም፤ ሁሉም እስከ ሰባት ሰዓት ያልቃሉ፤ ሁሉም ሁለት መስመር ናቸው። አቢሊን እንደተባለው እሑድ ነው። ቻይልድረስ ፖስታ ቤት ሌላ ይጠብቃችኋል።

የፖስታ ሳጥኑ በየትኛው ጎን ነበር? እኛ የአውቶቡስ ግቢ ውስጥ ሾፌር የሆነ ነገር ነክቶ ሲመጣ የምንሞላው ቅጽ ነበረን። መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን አጠፋ ብሎ አይደለም፤ በየትኛው ጎን ነው ብሎ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ዊልማ እንዴት ናት? ሰላምታዋን ብቻ ነው የጻፍክልኝ።

ዖርፋ


ኤፕሪል 29 ቀን 1995
ቻይልድረስ፣ ቴክሳስ

ለዖርፋ፣

ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። አቢሊንን እሑድ ጠዋት አለፍናት፤ ያገኘነው ነፍስ ያለው ነገር አንድ ውሻና አንድ ፖሊስ ነበር፤ ሁለቱም ተኝተዋል።

ሳቂብኝ፦ ካምፕ ስንለቅ የቴሌቪዥን አንቴናውን ከጣሪያው ላይ ሳላወርድ ተነሳሁ። ሰባት ማይል ሰው ሁሉ እጁን ሲያውለበልብልን ዊልማ "እንዴት ያለ ደግ አገር ነው" ትላለች። በኋላ አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ አንቴናውን ወሰደልን፤ ያኔ ነው ለምን እንደሚያውለበልቡ የገባን።

ሌላው ነዳጅ ማደያ ላይ የሆነው ነው። ምሰሶውን ያለ ቦታው አቁመውት ስፖኪዮውን ነቀለው። አዲስ ገዝቼ በጋቢናው በር ላይ እኔው ገጠምኩት፤ ከበፊቱ ይሻላል። በመግቢያው በር በኩል የምንዘረጋው የጥላ ሸራ ክንድም ትንሽ ጎበጥ ብሏል፤ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ነፋስ ይሆናል፤ እዚህ ነፋሱ ጉድ ነው።

ዊልማ ደህና ናት። ዝም ትላለች። ሹራቧን ትታ የበሩን እጀታ ይዛ ነው የምትሄደው። ወገቧን እያመማት ይመስለኛል።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚህ በኋላ አላስቸግርሽም። መታጠፍ ካለብን ወደ ግራ የምንታጠፍበትን መንገድ ፈልጊልኝ። ዙሪያ ጥምጥምም ቢሆን ግድ የለም፤ ጊዜ አለን። ወደ ቀኝ መታጠፊያው ለበርታ ይጠባታል።

ሊበራል ካንሳስ ላይ ካርድሽን እወስዳለሁ። ሜይ 20ን እንዳትረሺ።

ኤልደን


ሜይ 5 ቀን 1995
ሳትለር ክሪክ

ኤልደን፣ ወንድሜ፣

ይህን ስትከፍት ተቀመጥ። ዊልማም አጠገብህ ትሁን።

የሚስተር ክራንዳልን ነገር ነግሬህ አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። መዳቢ በሆንኩ በዘጠነኛው ዓመት አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ ሾፌር ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ልጆች የሚወዷቸው፣ በልደታቸው ቀን ለእያንዳንዱ ልጅ ከረሜላ የሚሰጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሾፌሮች የሚለምኑኝ ልመና አንድ ዓይነት ነበር፦ "ዖርፋ፣ እባክሽ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መንገድ ስጪኝ" ነው የሚሉት። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ከፊት የሚመጣውን መኪና አታቋርጥም፤ ቀላል ነው፤ መሪ የጨበጠ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ግራ ስጪኝ ብሎ የለመነኝ ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ክራንዳል ናቸው። አሁን አንተ ሁለተኛው ሆንክ።

እኔም ወደ ግራ ሰጠኋቸው። ደግ የሠራሁ መሰለኝ። ቢሮዬ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ነበረኝ፤ የየአውቶቡሱን ቅርጽ በጠመኔ ስዬ ጭረት በተገኘበት ቦታ ሁሉ መስቀል አደርግ ነበር። በእሳቸው አውቶቡስ ቀኝ ጎን ላይ አራት መስቀል ነበር፤ በግራው አንድም። ረቡዕ ዕለት አየሁት። ሰኞ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ሽማግሌ ሰው ማሳዘን ከበደኝ። ዓርብ ዕለት አሥራ አንድ ልጆች እንደያዙ በቀኝ በኩል ቦይ ውስጥ ገቡ። የሞተ የለም። ሉዌላ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ክንዷ ተሰበረ። ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ሱቅ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ዕቃዬን በከረጢት አድርጋ ስታቀብለኝ ክርኗ አይዘረጋም። በየሳምንቱ አየዋለሁ። ያንን ክንድ የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ሰኞ እነግራቸዋለሁ ባልኩ ጊዜ ሰበርኩት።

በርታን በካርድ ላይ ስያታለሁ፤ ከዚህ ጋር አለች። ከራስህ ደብዳቤ ያገኘሁትን ሁሉ በመስቀል ምልክት አድርጌባታለሁ። የዳላሱ የጭነት መኪና፣ የፖስታ ሳጥኑ፣ ስፖኪዮው፣ የሸራው ክንድ። የፖስታ ሳጥኑን ጎን አልነገርከኝም፤ ግን በዚህ አገር ሳጥን በመንገዱ ቀኝ ነው የሚተከለው። አንቴናውን አልቆጠርኩትም፤ እሱን ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ።

ሌላ ካርድ የለም። ከሊበራል ወደ ፊት አንተ የምትነዳበትን መንገድ አልጽፍልህም። ዓይንህን ለሐኪም አሳይ።

ቤት የለንም እንዳትለኝ። ጓሮዬ ውስጥ ከዋልነቱ ዛፍ ሥር ጠጠር አስደፍቻለሁ፤ ሠራተኛው ለበርታ የሚሆን የመብራት መሰኪያ ገጥሞ ሄዷል። እንዴት እንደምትመጡ አላውቅም። ግን ቦታው አለ።

እወድሃለሁ። ተቆጣኝ።

ዖርፋ


ሜይ 27 ቀን 1995
ሳትለር ክሪክ

ኤልደን፣

ከጻፍኩልህ ሃያ ሁለት ቀን ሆነ። ሜይ 20 አለፈ። ለካምፑ ስልክ ደወልኩ፤ አልመጡም፣ ቦታውንም ለሌሎች ሰጥተናል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሠላሳው ቀን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ደብዳቤው ተመልሶ ከመጣ አላነበብከውም ማለት ነው፤ ካልመጣ አንብበህ ተቆጥተሃል። የትኛውን እንደምመኝ እኔም አላውቅም። ፖስተኛው በሩ ላይ በደረሰ ቁጥር ወጥቼ የያዘውን ፖስታ ሁሉ አገላብጣለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ማክሰኞ አላስችል ብሎኝ ካርዶቹን ጻፍኳቸው። ከሊበራል እስከ ደቡብ ዳኮታ፣ ሁሉም መታጠፊያ ወደ ግራ ነው። ሌላ ሰው ሊሠራው የማይችል መንገድ ነው፤ አሥራ አራት ካርድ ፈጀ። ፖስታው ውስጥ ከትቼ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ ሁለት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሱቅ ሄድኩ፤ ሉዌላ ዳቦዬን አቀበለችኝ። ተመልሼ ቀደድኩት።

መስመር አትጽፍልኝ። አንድ ቃል ጻፍልኝ፤ "አለን" በል። ወይም ዊልማ ትጻፍ።

ዖርፋ


ጁን 10 ቀን 1995
ምዕራብ ካንሳስ

ዖርፋ፣

አለን።

የክራንዳልን ደብዳቤሽን ሊበራል ላይ ሜይ 8 ቀን አንብቤዋለሁ፤ ያሁኑን ደግሞ ፖስታ ቤቱ ወደዚህ አስተላልፎልኛል። ከመጀመሪያው በኋላ የጻፍኩልሽን ሁለት ደብዳቤ ዊልማ አልላከችውም፤ እግዚአብሔር ይስጣት። በአንደኛው አውቶቡስ እንጂ ሰው የማታውቂ አሮጊት ብዬሽ ነበር። በሁለተኛው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር።

ያለ ካርድ ተነሳሁ። ካርታው የእኔም ነው አልኩ። ዊልማ የሣልሻትን በርታ መሪው አጠገብ ካርድሽን በምንሰቅልበት የልብስ መቆንጠጫ ሰቀለቻት። ካርዱን ነቅዬ መስኮቱ ሥር ወረወርኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ ገባን፤ የእህል ጎተራ፣ ትምህርት ቤትና አንድ መንገድ ያላት ከተማ። መንገዱ ባዶ ነበር። እምልልሻለሁ፣ ለእኔ ባዶ ነበር። ዊልማ "ኤልደን!" ብላ ስትጮህ ፍሬኑን ረገጥኩት፤ ኩሽና ውስጥ ያለው ሳህን ሁሉ ወረደ። ስቆም በቀኝ በኩል ጎናችን ሲደበደብ ሰማሁ።

ልጆች የምታሻግረው ሴትዮ ናት። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ፣ "ቁም" የሚለውን ቀይ ምልክት ይዛ ከመንገዱ ቀኝ ዳር ወደ ውስጥ ገብታ ቆማለች፤ ከቀኝ መብራቴ አንድ ክንድ ብትርቅ ነው። በምልክቱ በርታን እየደበደበች ታለቅሳለች። ከኋላዋ ልጆች አልነበሩም፤ ገና እየመጡ ነበር። ወርጄ ልይዛት ስል እኔው አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ነገር እንኳ አላየሁም፣ ዖርፋ። ምንም አላየሁም።

ዊልማ ቁልፉን ነቅላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። የጎተራው ሰዎች ከጀርባቸው እንድንቆም ፈቀዱልን። ከእነሱ አንዱ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ፤ ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ፤ ቀኝ ዓይኔ ከጎን የሚያየው ነገር የለም፤ ከጀመረው ዓመታት ሆኖታል። ግራው ደህና ነው፤ በጠብታ ይያዛል። ወደ ቀኝ ያለው ዓለም ቀስ ብሎ ሲጠፋብኝ እኔ ዓለሙን ጠበበ እል ነበር። ከዳላስ በፊት አውቄዋለሁ መሰለኝ። ለዚህ ነው የከተማው ግርግር ያስጠላኝ፣ ከዚያ አራት መስመሩ፣ ከዚያ ከሰዓት በኋላው። ዊልማን ዝም በይ ያልኳትም ለዚሁ ነው፤ ባየችልኝ ቁጥር አለማየቴን ትነግረኝ ነበር።

አፍሬያለሁ። ለዚያች ሴትዮ በየቀኑ ጠዋት ሄጄ ሰላም እላታለሁ፤ እስከ መጨረሻው የትምህርት ቀን ምልክቷን ያዝኩላት።

ጓሮሽ አሁንም ባዶ ከሆነ ካርድ ላኪልን። ፊደሉን ጎላ አድርጊው። የምትነዳው ዊልማ ናት። የጎተራው ሜዳ ላይ ሁለት ሳምንት ተለማምዳለች፤ ምንም አልነካችም፤ ይህ እንዴት እንደሚያናድድ አትጠይቂኝ።

ኤልደን


ጁን 15 ቀን 1995
ሳትለር ክሪክ

ኤልደን፣ ዊልማ፣

"አለን" የሚለውን ካነበብኩ በኋላ የቀረውን ለማንበብ ሰዓት ፈጀብኝ። እንባዬ አስቸገረኝ። ከሁለታችን የዓይን ሐኪም የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ እንጃ።

አሮጊት ያልከኝን ይቅር ብያለሁ። የባሰውን ግን ስትመጣ ትነግረኛለህ።

ዘጠኝ ካርዶች ናቸው፣ ፊደላቸው የአውራ ጣት ያህል ነው። ሠላሳ ስድስት ቁጥርን ይዛችሁ ካንሳስን በሰሜን በኩል ወደ ምሥራቅ ታቋርጣላችሁ። ሊንከን አትገቡም፤ ኦማሃ አትገቡም፤ ሁለቱንም በደቡብ ዞራችሁ የሚዙሪን ወንዝ በትንሹ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ሁለት ቀን ይጨምራል፤ ለዊልማ ግን አንድም ትልቅ መንገድ የለበትም። መታጠፊያው በተቻለ መጠን ወደ ቀኝ ነው፤ ሾፌር ሁሉ እንደሚወደው።

የእኔ በርም በቀኝ ነው። ጠባብ ነው፤ ሁለት ምሰሶ አለው። ቀስ በሉ።

ዖርፋ


ጁን 28 ቀን 1995
ከኩሽናሽ መስኮት ሃያ እርምጃ ርቀት

ለውድ ዖርፋ፣

እንደምን አደርሽ? ከዚህ ሆኜ ስታፏጪ ይሰማኛል፤ ስለዚህ ደህና ነሽ። ቁርስ ላይ መንገዱ እንዴት ነበር አልሽኝ፣ ዊልማ ሳቀች፣ እኔም ቡናዬን ጠጣሁ። በአፌ ብነግርሽ ታቋርጪኛለሽ፤ ደግሞ ለአንቺ በጽሑፍ መናገር ለምዶብኛል። ጨርሼ የፖስታ ሳጥንሽ ውስጥ እከተዋለሁ።

ካርድሽን አልተከተልንም። ከሦስተኛው ካርድ በኋላ አንድም። ካንሳስ ውስጥ ወደ ሰሜን የሚገነጠለው መንገድ ላይ ስንደርስ ዊልማ ዳር ይዛ ቆመችና በቀኝ ያለውን ታፔላ ታነብ ጀመር።

"ይሄ በኦማሃ አይደለም የሚያልፈው?" አለችኝ።

"ነው። እኛ ግን በዚያ አንሄድም። ካርዱ ቀጥታ ይላል።"

"ለምን?"

"ከተማ ነዋ። ግርግሩን ለመሸሽ።"

"ማን ነው የሚፈራው?"

ስድስት ዓመት ሙሉ አንቺና እኔ ከተማ ስንዞር፣ ካርድ ስንጽፍ፣ ፓስተሮች ስብከት እስኪጨርሱ ስንጠብቅ፣ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ፍሬቻውን አበራችና ወደ ሰሜን ገባች።

ኦማሃ የደረስነው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ሲወጣ። አምስት መስመር ነበር። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አባታችን ሆይን ሁለት ጊዜ ጨረስኩ። እሷ ፍሬቻ ታሳያለች፣ ትጠብቃለች፣ ትገባለች፤ ላሳለፋት የጭነት መኪና ሾፌር እጇን ታነሳለች፤ እሱም ያነሳላታል። ሚዙሪን በትልቁ ድልድይ ተሻገርን። በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን ወንዝ አየሁ፤ ለካ ድልድዩን ስሻገር የኖርኩት መስመሩን ብቻ እያየሁ ነው። ማዶ ስንደርስ የት ተማርሽው አልኳት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ የአባቷን የስንዴ መኪና ጎተራ ድረስ ትነዳ ነበር። አራት መከር ሙሉ።

"አርባ አራት ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅከኝማ" አለች፤ ቁጣ የለባትም።

ይህንን እያሰብኩ ነው የመጣሁት፤ አሁንም እያሰብኩት ነው። መሪውን ከለቀቅሁ ሰው አልሆንም ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ዖርፋ። አንዲት ሴትዮ ልገድል ደርሼ የነበረው ለዚህ ነው። ለብርዱ ወደ ደቡብ ስንመለስ ዊልማ በዳላስ መሃል የሚያልፍ ካርድ ጻፊልን ትልሻለች። እየቀለደች አይደለም።

ያንቺ በር ላይ የሆነውን አላየሽም፤ ጉልበትሽን እየረገምሽ ደረጃ ትወርጂ ነበር። ዊልማ የቀኙን ፍሬቻ አብርታ ቆመች። ሁለቱ ምሰሶዎችሽ እንዳልሽው ጠባብ ናቸው። መሪውን ሳትነካ እኔን ታየኝ ጀመር። የምትጠብቀው በየመታጠፊያው ትለኝ የነበረውን እንድላት ነው። ዘንድሮ ከማርች ጀምሮ አንድም ቀን አላለችውም፤ ዝም በይ ብያታለሁና።

መስኮቱን ከፈትኩ። ቀኝ ዓይኔ ለዚህ ስለማይበቃ ከወገቤ ዞሬ ወጣሁና በግራው ዓይኔ ምሰሶውን፣ ሳሩን፣ የፖስታ ሳጥንሽን አንድ በአንድ አየሁ። ሁለት ጊዜ አየሁ።

"ቀኝ ነጻ ነው" አልኳት።

ታጠፈች።

ከጓሮሽ፣
ኤልደን